ጃንሆይን የጫነችው መርከብ የተሠራችበት ወንዝ ዳር

(ግላስጎ ውስጥ በኢትዮጵያውያን የቅዳሜ ምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከጥቂት ድግግሞሽ በቀር እንደተነገረው ነው የቀረበው።)

እንደምን አመሻችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እናንተ ከኋላ የተደረደራችሁ ወጣቶችም፣ እንደምን አመሻችሁ? እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ማይኩ ዛሬ የራሱ ጠባይ አለው።

አዘጋጆቹ «ስለምንኖርበት አገር አንድ ነገር ንገረን» ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ እዚሁ ግላስጎ አጠገብ፣ ክላይድባንክ ከተማ ሄዳችሁ ዕቃ ገዝታችሁ የምታውቁ እጅ አውጡ። ሁላችሁም ናችሁ ማለት ነው! እሺ፣ እዚያው ወንዙ ዳር የቆመውን ግዙፍ ክሬን ሥሩ ድረስ ሄዳችሁ ያያችሁትስ? አያችሁ፣ እጁ ቀነሰ። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ክሬን ግቢ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የጦር መርከብና የመንገደኛ መርከብ ጎን ለጎን ሲሠራበት ስለኖረ ግቢ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የታሪክ ምሁርም አይደለሁም። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ የምንከባከብ ሰው ነኝ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ታሪኩን መጀመሪያ የሰማሁት ከነዚያ ሽማግሌዎች ነው። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፍ ማገላበጥ የጀመርኩት። ሦስት ነገር አነሣለሁ፦ ወንዙን፣ ጦርና ንግድ በአንድ ግቢ እንዴት እንደኖሩ፣ ከዚያም ሥራው ሲቆም የሆነውን። በመሃል ወሬ ከወሰደኝ ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቱም ወሩም ቀኑም፣ «በኛ» ካላልኩ በስተቀር፣ ሁሉም በፈረንጆች ነው።

በወንዙ ልጀምር። ክላይድን አሁን ስታዩት ለመርከብ የተፈጠረ ይመስላል። አይደለም! ድሮ ግላስጎ አጠገብ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ጥልቀት የሌለው ወንዝ ነበር። የባሕር መርከብ እዚህ ድረስ መምጣት ስለማይችል ዕቃው የሚራገፈው ወደ ባሕሩ ተጠግቶ፣ ፖርት ግላስጎ ላይ ነበር። ከ1770ዎቹ ጀምሮ ግን ወንዙን በግንብ እያጠበቡ፣ ደለሉን እየቆፈሩ፣ ትውልድ ለትውልድ እየተቀባበሉ አወረዱት። የከተማው ሰው «ክላይድ ግላስጎን ሠራ፣ ግላስጎም ክላይድን ሠራ» የሚለው ለዚህ ነው።

ጄምስና ጆርጅ ቶምሰን የሚባሉ ወንድማማቾች በ1847 እዚህ ከተማ የሞተር ፋብሪካ ከፈቱ። በ1851 ጎቫን ላይ መርከብ መሥራት ጀመሩ። በኋላ የወደቡ አስተዳደር ቦታውን ለራሱ ፈለገውና ውጡ ተባሉ። መነሣትን እኛም እናውቀዋለን፤ አይደል? እነሱም በ1871 ወደ ታች ወርደው የእርሻ መሬት ላይ አዲስ ግቢ ጀመሩ። ዙሪያው ሜዳ ነው፤ ሠራተኛ የሚያድርበት ቤት የለም። ሰዉን ጠዋት በጀልባ እያመጡ ማታ በጀልባ ይመልሱት ነበር። ከዚያ ቤት ተሠራ፣ ሱቅ ተከፈተ፣ ትምህርት ቤት መጣ። በ1886 ቦታው የራሱ አስተዳደር ያለው ከተማ ሆነ። ክላይድባንክ የሚለውን ስሙንም የወሰደው ከመርከብ መሥሪያው ነው። ብዙ ጊዜ ከተማ ፋብሪካ ይከፍታል፤ እዚህ ፋብሪካው ከተማ ከፈተ።

ግን ለምን እዚያ ቦታ? ይህን ልብ በሉልኝ፤ የግቢው ዕድል የተወሰነው በዚህ ነው። ከግቢው ፊት ለፊት፣ በወንዙ ማዶ፣ ካርት የሚባል ሌላ ወንዝ ከክላይድ ጋር ይገናኛል። መርከብ የሚሠራው ተዳፋት ላይ ነው። ሲያልቅ የኋላ ጫፉ ቀድሞ ተንሸራቶ ውኃ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ 300 ሜትር የሚረዝም መርከብ ከርዝመቱ በጠበበ ወንዝ ውስጥ ብትለቁት ምን ይሆናል? ማዶ ካለው መሬት ጋር ይላተማል። እነሱ ግን መርከቡን ሰያፍ አድርገው፣ የኋላ ጫፉን ወደ ካርት አፍ አነጣጥረው ሠሩት። ሲለቀቅ በቀጥታ ወደ ክፍቱ ውኃ ይሄዳል። ሌሎቹ የወንዙ ግቢዎች የማይችሉትን ርዝመት ይህ ግቢ የቻለው በዚህ ነው።

ማንሸራተቻው ደግሞ እንጨት ነው። እንጨቱ ላይ ምን ይቀባል መሰላችሁ? ሞራ! በቶን የሚቆጠር የከብት ሞራና ሳሙና። ኩዊን ሜሪ የምትባለው ትልቅ የመንገደኛ መርከብ በ1934 ስትወርድ ከ36,000 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት በሞራ ላይ ነው የተንሸራተተው። ከ2,000 ቶን በላይ የሚሆን ሰንሰለት ጎንና ጎኗ ላይ ታስሮ ነበር። ውኃ ስትገባ ሰንሰለቱ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ፍጥነቷን ይይዛል። ጠቅላላው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የፈጀው።

ከምንከባከባቸው ሽማግሌዎች አንዱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ቀን ልጅ ነበር። ቀኑ ዝናብ ነበር። እሱ ማዶ ሜዳ ላይ ከአጎቱ ጋር ቆሞ ነበር። መርከቧን ከሚያስታውሰው በላይ ማዕበሉን ነው የሚያስታውሰው። መርከቧ ውኃ ስትመታ ማዕበሉ ወንዙን ተሻግሮ መጣና ጫማውን አራሰው። «ንጉሡም ንግሥቲቱም እዚያ ነበሩ፤ እኔ ግን እናቴ ስለ ጫማው ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ ነበር» ብሎ ይስቃል።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ጦርና ንግድ።

ሰው ሁለት ዓይነት የመርከብ መሥሪያ ያለ ይመስለዋል። አንዱ መድፍ የሚጭን፣ አንዱ መንገደኛ የሚጭን። ክላይድባንክ ላይ ግን አንድ ግቢ፣ አንድ አናጺ፣ አንድ ክሬን ነው። ወንድማማቾቹ በ1880ዎቹ አትላንቲክን የሚያቋርጡ ፈጣን የመንገደኛ መርከቦች ሲሠሩ፣ ከጎን ለስፔን የጦር መርከብ ይሠሩ ነበር። ጃፓን በ1905 ቱሺማ ላይ የሩሲያን ባሕር ኃይል ድባቅ ስትመታ ከተሰለፉት የጦር መርከቦች አንዷ አሳሂ ነበረች። አሳሂም የክላይድባንክ ልጅ ናት።

በ1899 ግቢውን ጆን ብራውን የሚባል የሼፊልድ የብረት ኩባንያ ገዛው። ብረት ሠሪ መርከብ መሥሪያ ምን ያደርግለታል? ሼፊልድ ላይ ለጦር መርከብ የሚሆን ወፍራም የብረት ልብስ ይሠሩ ነበር። ያን ብረት ሁልጊዜ የሚገዛቸው ሰው ፈለጉ። ደንበኛውን ራሱን ገዙት! ነጋዴ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ሉሲታኒያ መጣች። ኩናርድ የተባለው የመርከብ ድርጅት ከጀርመኖች ጋር በፍጥነት ይፎካከር ነበር። በ1905 ግቢው ሁለት መንትያ መርከቦች ሠርቶለት ነበር። አካላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሞተራቸው ግን ይለያያል። አንዷ በድሮው የፒስተን ሞተር፣ አንዷ በአዲሱ ተርባይን፣ ማለትም በእንፋሎት በሚሽከረከር ሞተር። ተርባይኗ በለጠች። በዚህ ላይ ተመርኩዘው ሉሲታኒያን ሠሩ፤ በ1906 ውኃ ላይ ወረደች። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከመንግሥት። ለሉሲታኒያና ሌላ ቦታ ለተሠራችው እህቷ 2.6 ሚሊዮን ፓውንድ በዝቅተኛ ወለድ ተበደሩ። ውሉ ምን ይላል? ጦርነት ከመጣ መርከቦቹ ለባሕር ኃይሉ ይሰጣሉ። ስለዚህ የጦር ሹማምንት ንድፉ ላይ ቃል ነበራቸው። ሻምፓኝ የሚጠጣበት መርከብ ነው፤ ግን ከመነሻው የጦርነት ሐሳብ አለበት። በ1915 በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ስትመታ ወደ 1,200 ሰው አለቀ።

ያ ክሬን፣ ታይታን የሚሉት፣ በ1907 ነው የተተከለው። 150 ቶን ያነሣል፤ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ለመንገደኛ መርከብ ቦይለር ያነሣል፤ በማግስቱ ለጦር መርከብ መድፍ ያነሣል። ክሬን ምን ገዶት! በ1918 ከዚሁ ግቢ ሁድ ወረደች፤ በዘመኗ በዓለም ላይ ትልቋ የጦር መርከብ። በ1941 ቢስማርክ ከምትባል የጀርመን የጦር መርከብ ጋር ስትገጥም ፈነዳች። 1,415 ሰው ሞተ፤ የተረፉት ሦስት ናቸው። ሦስት ብቻ!

አሁን እናንተን ወደሚነካው ልምጣ። አባቶች፣ ይህን በደንብ ስሙኝ።

በሰኔ 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት፣ ክላይድባንክ ላይ ኢንተርፕራይዝ የምትባል ክሩዘር፣ መካከለኛ የጦር መርከብ፣ ተጀመረች። ፈጣን ነበረች፤ በሰዓት ከ30 የባሕር ማይል በላይ ትሄዳለች። ጦርነቱ አለቀ፤ ጥድፊያውም አብሮ አለቀ። አንዷ እህቷ ከነጭራሹ ተሰረዘች። ኢንተርፕራይዝ ግን በታኅሣሥ 1919 ውኃ ላይ ወረደች፤ ሳታልቅ ተጎትታ ወደ እንግሊዝ ሄደች፤ ተሠርታ ያበቃችው በ1926 ነው። ለአንድ ጦርነት ተጀምራ ለዚያ ጦርነት ያልደረሰች መርከብ።

ከአሥር ዓመት በኋላስ የት ነበረች? ጅቡቲ! በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከእቴጌ መነንና ከቤተሰባቸው ጋር ከጅቡቲ የተሳፈሩት በኢንተርፕራይዝ ነው። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 27፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። መርከቧ በቀይ ባሕር ሽቅብ ወጥታ፣ ስዊዝን አልፋ፣ ሃይፋ አደረሰቻቸው። ከዚያ ኢየሩሳሌም። ከዚያ በሌላ መርከብ ጅብራልታር፣ ከዚያም እንግሊዝ።

እኔ ይህን ሳነብ ብዙ ቆሜ አሰብኩ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በአውቶብስ የማልፍበት ቦታ ነው! የስደታቸው መርከብ ብረት የተመታው እኔ የማልፍበት ወንዝ ዳር ነው። ይህን ማን ነገረን? ማንም። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን «በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው» ብለው ያልፉታል። መርከቧ የት እንደተሠራች ማን ይጠይቃል?

አንድ ነገር ልጨምር። ኩዊን ሜሪ የመጀመሪያ ጉዞዋን የጀመረችው ግንቦት 27 ቀን 1936 ከሳውዝሃምፕተን ነው። ጃንሆይ እዚያው ሳውዝሃምፕተን የደረሱት ሰኔ 3 ነው፤ በሳምንቱ። ዓለም ስለ አንዷ የክላይድባንክ መርከብ ምቾት እያወራ ነው። ሌላዋ የክላይድባንክ መርከብ አገር አልባ የሆነ ንጉሥ ጭና ገና መመለሷ ነው። ያው ግቢ።

ወሬ ወሰደኝ። ሦስተኛው፣ ሥራው።

መርከብ ያኔ የሚሠራው በሪቬት፣ ብረትን ከብረት በሚያያይዝ ወፍራም ችንካር ነው። ኩዊን ሜሪ ላይ ብቻ 10 ሚሊዮን ገደማ ሪቬት አለ። አንድ ቡድን እንዲህ ነው የሚሠራው። አንዱ ልጅ ትንሽ ምድጃ ይዞ ሪቬቱን ነጭ እስኪሆን ያግላል። በጉጠት ይዞ ይወረውረዋል። አዎ፣ የጋለ ብረት በአየር ላይ! ሌላው ልጅ በቆርቆሮ ይቀልበዋል፤ ቀዳዳው ውስጥ ይሰካዋል። ከውስጥ አንዱ በከባድ መዶሻ ደግፎ ይይዛል። ከውጭ ሁለት ሰዎች በፈረቃ ይመቱታል፤ አንዱ ቀኝ እጅ፣ አንዱ ግራ እጅ፣ መዶሻቸው እንዳይጋጭ። ሳይቀዘቅዝ መጠናቀቅ አለበት። ክፍያው በሪቬት ቁጥር ነው። ዝናብ ከዘነበና ካልተሠራ ክፍያ የለም። ስኮትላንድ ውስጥ ዝናብ!

ቅድም የነገርኳችሁ ሽማግሌ በዚሁ ወንዝ ላይ ካሉ ግቢዎች በአንዱ ሪቬት አጋይ ሆኖ ነው የጀመረው። እኔ ስደርስበት ጆሮው አይሰማም። ደወል ብትደውሉ፣ በር ብትደበድቡ፣ ዋጋ የለውም። መጨረሻ ላይ ደወሉ ሲጫን ሳሎኑ ውስጥ መብራት ብልጭ እንዲል ተደረገ። የድሮ የሥራ ጓደኛው ሊጠይቀው ሲመጣ ሁለቱም ደንቆሮ ናቸው፤ ግን ቁጭ ብለው ሲያወሩ አንዲት ቃል አያመልጣቸውም። በጩኸቱ መሃል ከንፈር ማንበብ ለምደዋል። እኔን በመሃላቸው አስቀምጠው ያለ ድምፅ ያሙኛል!

ከተማው የመርከብ ትእዛዝ የሚጠብቀው ገበሬ ዝናብ እንደሚጠብቅ ነበር። በታኅሣሥ 1931 ዝናቡ ቀረ። የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ፤ ኩናርድ ብር አጠረውና የኩዊን ሜሪ ሥራ ቆመ። ያኔ ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ብቻ፣ 534። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በላይ ግማሽ የተሠራ መርከብ ከከተማው በላይ ቆሞ ዛገ። ወፍ ጎጆ ሠራበት። ጠዋት መስኮት ስትከፍቱ የምታዩት እሱን ነው። አስቡት እስኪ።

የአካባቢው የፓርላማ አባል ዴቪድ ከርክዉድ እየጮኸ መንግሥትን አላስቀምጥ አለ። መጨረሻ ላይ መንግሥት 9.5 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ፈቀደ፤ ለኩዊን ሜሪ ማስጨረሻም ለተከታይዋ መርከብም የሚሆን። ግን ኩናርድ ከተፎካካሪው ከዋይት ስታር ጋር ይቀላቀል አለ። በሚያዝያ 1934 ሰዉ በባግፓይፕ ታጅቦ ግቢ ገባ። መጀመሪያ የሠራው ሥራ ምን ነበር? ዝገት መጥረግ።

ይቺው ኩዊን ሜሪ በሁለተኛው ጦርነት ግራጫ ተቀብታ ወታደር ጫነች። በሐምሌ 1943 በአንድ ጉዞ 16,683 ሰው ይዛ አትላንቲክን ተሻገረች። ንግድ ነው? ጦር ነው? እናንተው ፍረዱ።

ጦርነቱ ደግሞ ወደ ከተማው ራሱ መጣ። መጋቢት 13 እና 14 ቀን 1941፣ ሁለት ሌሊት፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ክላይድባንክን ደበደቡ። 528 ሰው ሞተ። ከ12,000 ገደማ ቤቶች ጉዳት ያልነካቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ግቢውስ? ብዙም አልተጎዳም። ቤት ፈርሶ ፋብሪካ ተረፈ። ሰዉ ከየተሰደደበት መንደር እየተመላለሰ ሥራውን ቀጠለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጦርነት ያፈናቀለው ሰው ብዙ ስላለ ይህን አላብራራም።

የመጨረሻውን ቶሎ ልበል፤ ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ይሸተኛል። ከጦርነቱ በኋላ ሰው በአውሮፕላን መሄድ ጀመረ። ጃፓኖች አዳዲስ ግቢ ሠርተው በብየዳ፣ በርካሽና በፍጥነት መሥራት ቻሉ። እዚህ ግን አሮጌ መሣሪያ፣ አሮጌ አሠራር፣ አሠሪና ሠራተኛ ዓይንና ናጫ። በእኔ አስተያየት ጥፋቱን ለሠራተኛው ብቻ የሚሰጡት አላዋቂዎች ናቸው፤ ትርፉ በደህናው ዘመን ወደ ማሽን ቢመለስ ኖሮ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። ኩዊን ኤልሳቤጥ ሁለት በ1967 ወረደች። ሙከራዋ ላይ ተርባይኗ ተበላሸና ኩናርድ እስኪስተካከል አልረከብም አለ። በ1968 አምስት ግቢዎች ተጨፍልቀው አንድ ኩባንያ ሆኑ። በ1971 እሱም ከሰረ።

ሠራተኛው ታዲያ አድማ መታ? አልመታም! ግቢውን ይዞ ሥራውን ቀጠለ። ከመሪዎቹ አንዱ ጂሚ ሪድ ተነሥቶ ተናገረ፦ ረብሻ አይኖርም፣ ንብረት ማጥፋት አይኖርም፣ መጠጥ አይኖርም፣ ዓለም እያየን ነው አለ። መጠጥ አይኖርም! ለግላስጎ ሰው! ግን አከበሩት። ከየአገሩ መዋጮ መጣ። ዘፋኙ ጆን ሌነን ገንዘብና አበባ ላከ። ስሙ ሲነበብ አንዱ ሽማግሌ «ሌኒን? ሌኒን እኮ ሞቷል» አለ ይባላል።

መንግሥት በ1972 እጁን ሰጠ፤ ገንዘብ መደበ። ክላይድባንክ ግን የመጨረሻ መርከቧን በዚያው ዓመት ጨረሰች። ከዚያ በኋላ የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ሲሠራበት ቆየ፤ በ2001 ተዘጋ። አሁን እዚያ ኮሌጅ አለ፤ ከኛ ልጆችም የሚማሩበት አሉ። ታይታን ብቻውን ቀርቷል።

መርከቦቹስ የት ናቸው? ሎስ አንጀለስ ዘመድ ያላችሁ፣ ኩዊን ሜሪ እዚያው ሎንግ ቢች ቆማ ሆቴል ሆናለች። ዱባይ ዘመድ ያላችሁ፣ ኩዊን ኤልሳቤጥ ሁለትም ራሺድ ወደብ ላይ ከ2018 ጀምሮ ሆቴል ናት። የእህቴ ልጅ ዱባይ ነው የምትሠራው። ሄዳ ቪዲዮ ልካልኝ ነበር። «አጎቴ፣ ይቺ ያንተ መንደር መርከብ ናት» አለችኝ። ሁለቱም የቆሙት አበሻ በሞላበት ከተማ መሆኑ ይገርመኛል።

እንግዲህ ከኔ ይህን ያህል ነው። አሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከመካከላችሁ ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ወይም ጅቡቲ የነበሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ስለዚያች መርከብ የሰማችሁት ነገር ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ንገሩን፤ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ይቅዱት። እማማ፣ እርስዎ ቅድም እጅዎን አንሥተው ነበር። ማይኩን ለእሳቸው ስጧቸው።